ክረምት በስድስት በስድስት

«አጎቴ፣ የዊንተር ፐዝል ሥራልኝ» አለኝ የወንድሜ ልጅ።

ጥር ላይ ነው። እሱ ስምንት ዓመቱ ነው፣ የሚኖረው ሚኒሶታ። በስልኩ ስክሪን ላይ ከጀርባው ባለው መስኮት የሚታየው ሁሉ ነጭ ነው፤ ዛፉ ነጭ፣ ጣሪያው ነጭ፣ የቆመችው መኪና የምትታወቀው በጉብታዋ ብቻ። እኔ ጅማ፣ የቤታችን በረንዳ ላይ በካናቴራ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። ግቢው ውስጥ እናቴ ያሰጣችው ጀንፈል አለ፤ ዶሮዎቹን «እሽ!» እያለች ታባርራለች።

«እሺ፣ የክረምት እንቆቅልሽ እሠራልሃለሁ» አልኩት።

«ክረምት ማለት ዊንተር ነው?»

ነው አልኩትና ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ግን ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አራተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ዊንተር – ክረምት፣ ሰመር – በጋ» ብለው ጽፈውልን ሸምድደናል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ የሚማሩት በአማርኛ «የክረምት ተማሪዎች»፣ በእንግሊዝኛ «ሰመር» ናቸው። አንድ ክረምት፣ እንደ አስተርጓሚው ዊንተርም ሰመርም ይሆናል። የልጁ ክረምት ውሃው ደርቆ የሚቆምበት ነው። የእኛ ክረምት ደግሞ የቆመው ሁሉ ውሃ ሆኖ የሚሄድበት ነው፤ ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ ብዙው በእነዚያ ወራት ነው። በረዶ ብንል እንኳ የእኛው ቆርቆሮ ላይ ለአሥር ደቂቃ የሚንጫጫው ነው።

እንግዲህ ቃል ገብቻለሁ። ወንድሜ በየዓመቱ ሰው ሲመጣ ልጁ የሰለቸውን ሌጎ በፌስታል ጠቅልሎ ይልክልኛል፤ «አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ተጫወትበት» ይላል። ቀልዱ ውስጥ ትንሽ መርፌ አለችበት። ወደ እሷ እመጣለሁ።

ፌስታሉን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ሌጎ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ «የክረምት መንደር» የሚለው ተከታታይ ምርት አለው፤ ጣሪያቸው በረዶ የለበሰ ቤቶች፣ መብራት የተንጠለጠለባቸው ጥዶች። ልጁ ከላከልኝ ውስጥ ብዙው እንደዚያ ካለ ነገር የፈረሰ ስለሆነ ግማሹ ነጭ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩትም ቀላሉን ነበር፦ ነጭ ሳጥን፣ ውስጡ የበረዶ ሰው፣ በአንድ የተደበቀ መቆለፊያ የሚከፈት። ሁለት ምሽት ሠራሁት። ሦስተኛው ምሽት ላይ አፈረስኩት። የበረዶ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አፍንጫው ካሮት መሆኑን የማውቀው ከፊልም ነው። ላላየሁት ነገር እንቆቅልሽ ስሠራ የራሴ መልስ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ነገሩ ተረሳ፣ ሐምሌ ገባ።

ሐምሌ አንድ ቀን ከአጋሮ ስመለስ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። አስፋልቱ ላይ ነው፣ የድሮው ዓይነት ነገር አይደለም፤ አንድ ተሳቢ ሸርተት ብሎ መንገዱን በአግድም ስለያዘ ብቻ ነው። ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ሁሉም አንዱ በአንዱ ክፍተት አፍንጫውን አስገብቶ ጭርስ ብሎ ተቆላልፏል። ሾፌሮች ወርደው ይሰዳደባሉ። እኔ በመስኮት እያየሁ፣ ይኼ እኮ «ራሽ አወር» ነው አልኩ።

ለማያውቀው፦ ራሽ አወር የጃፓኑ የእንቆቅልሽ ሠሪ ኖቡዩኪ ዮሺጋሃራ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን) የፈጠረው፣ በ1996 አሜሪካ ውስጥ ገበያ የወጣ ጨዋታ ነው። ስድስት በስድስት የሆነ ሰሌዳ፣ 36 ቤት። ትንንሽ መኪኖች ሁለት ቤት ይይዛሉ፣ የጭነት መኪኖች ሦስት። ሁሉም ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ይሄዳሉ፤ መታጠፍ፣ ማንሳት የለም። ቀይዋን መኪና በአንዷ መውጫ ማስወጣት ነው ሥራው። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን ሰሌዳው እንደ ልብ እንዲሰፋ ከተፈቀደ፣ ጋሪ ፍሌክና ኤሪክ ባውም እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳረጋገጡት፣ የእኛ ሙያ «እጅግ ከባድ» ብሎ ከሚመድባቸው ችግሮች ጎራ ይገባል። በተለመደው ስድስት በስድስት ላይ እንኳ ኮምፒውተር ፈልፍሎ ያገኘው ከባዱ አቀማመጥ በትንሹ 50 እርምጃ ይፈልጋል።

ቤት እንደደረስኩ ልብሴን ሳልቀይር ቁጭ አልኩ።

የሌጎን ጡብ እንደ አሻንጉሊት ብቻ የሚያይ ሰው አንድ ቀን በካሊፐር ይለካው። ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የጡቡ ቁመት 9.6፣ የስሱ 3.2፤ ሦስት ስስ ሲደራረብ አንድ ጡብ ይሆናል፣ ዝንፍ የለም። ዴንማርካዊው ጎትፍሬድ ኪርክ ክርስቲያንሰን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ሲሆን፣ የዚያን ዘመን ጡብ ዛሬ ከፋብሪካ ከወጣው ጋር ብታጋጥመው ጠቅ ይላል። እኔ የምጽፈው ሶፍትዌር ከሁለት ዓመት በፊት ከጻፍኩት ጋር እንኳ ጠቅ አይልም። ደግሞ ባለ ስምንት ጉብታ ስድስት ጡቦች ብቻ፣ ያውም አንድ ቀለም፣ በ915,103,765 መንገድ ይገጣጠማሉ፤ የኮፐንሃገኑ የሒሳብ ሊቅ ሶረን አይለርስ በኮምፒውተር የቆጠረው ነው።

ለእኔ ጨዋታ የጠቀመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ስምንት ጉብታ ያለው ጡብ ርዝመቱ 32 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 31.8 ነው። ያቺ የጎደለችው 0.2 ጎን ለጎን ያሉ ጡቦች እንዳይተሻሹ የተተወች አየር ናት። በእሷ ምክንያት መኪኖቼ ይንሸራተታሉ። አንዱን ቤት ሁለት በሁለት ጉብታ አደረግሁት፤ ሰሌዳው አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ሆነ፣ ማለትም 9.6 ሴንቲ ሜትር፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ። ወለሉ ጉብታ የሌለው ለስላሳ ንጣፍ ይፈልጋል፤ 36 ያስፈልገኝ ነበር፣ ያገኘሁት 22። የቀረውን ከገበያ በገዛሁት የቻይና ኮፒ ሞላሁት። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፣ ጣት ግን ያውቀዋል፦ ኮፒው ላይ ሲደርስ መኪናው ትንሽ ይይዛል። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ በኋላ «ጭቃ ነው» ብዬ ተውኩት።

ነጩን ምን ላድርገው? በሰሌዳው ዙሪያ ግድግዳ አደረግሁት። ለልጁ በረዶ ነው። ለእኔ ጠዋት ጠዋት ጌራ መንገድ ላይ ከጫካው ወርዶ መንገዱን የሚውጠው ጉም ነው። ቀይዋን መኪና ትንሽ ፒካፕ አደረግኋት። ሌሎቹን አይሱዙ።

ቦታቸውን የሚመርጥልኝ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። እያንዳንዱን አቀማመጥ እንደ አንድ ከተማ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እንደ መንገድ ቆጥሮ አጭሩን ጉዞ የሚፈልግ ነው። ፍጥነት እንዲኖረው ከመነሻውም ከመድረሻውም ጀምሮ መሐል እንዲገናኝ አደረግሁት። ይኼ ቀላል የሚሆነው ሁሉም መንገድ ደርሶ መልስ ሲሆን ነው፤ ራሽ አወር ላይ ደግሞ ነው፣ ወደፊት የሄደ ሁሉ ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የቱንም ያህል ብትሳሳት አትጠፋም። 23 እርምጃ የሚፈልግ አንድ ቆንጆ አቀማመጥ ወጣልኝ። ደስ አለኝ። የሚሞክርልኝ ሰው ፈለግሁ።

ቤት ውስጥ ያለው አባዬ ነው።

አባዬ ሾፌር ነበር። ከጅማ ሰቃ፣ ከጅማ የቡ፣ ከአጋሮ ጌራ፣ ሊሙ፣ ቡና ያለበት ሁሉ ሲሄድ የኖረ የአይሱዙ ሾፌር። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ይንቀሳቀሳል ግን አይታዘዘውም። ከዚያ ወዲህ ቃላት አሉት፣ ዓረፍተ ነገር ግን የለውም። «ውሃ»፣ «ዝጋ»፣ «ና»፣ አንዳንዴ በኦሮምኛ «ሱታ»፣ ቀስ ማለት ነው። ሐኪሙ እጁን እንዲያሠራበት የሰጠው የላስቲክ ኳስ መስኮቱ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። እማዬ «ኧረ ጨምቀው» ስትለው ፊቱን ወደ ዝናቡ ያዞራል። ሃምሳ ኩንታል የጫነ መኪና በሁለት ጣት መሪ ሲያዞር ለኖረ ሰው ኳስ መጭመቅ ምን እንደሚመስለው አላውቅም።

ሰሌዳውን በርጩማ ላይ አድርጌ ፊቱ አስቀመጥኩለት። «አባዬ፣ ቀይዋን አስወጣት» አልኩት። ሕጉን በእጄ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ዝናብ እየዘነበ ነው፣ ቆርቆሮው ሌላ ነገር አያሰማም። ከዚያ በግራ እጁ አንድ ቡናማ አይሱዙ ነካ፣ ወደኋላ ልትሄድ የሚገባትን፣ የፕሮግራሜ መልስ የሚጀምረው በእሷ ነው፤ ነካትና ጣቱን አነሳ።

«አይወጣም» አለ።

«ይወጣል አባዬ፣ እንደዚህ» ብዬ ወደኋላ ሳብኳት።

ራሱን ነቀነቀ። መልሶ ወደ ቦታዋ ገፋት። ከዚያ ወደፊት ገፋት፣ ግድግዳው ድረስ፣ ጠንከር አድርጎ፤ ነጩ ግድግዳ ተላቀቀና አይሱዙዋ ከሰሌዳው ወጥታ በርጩማው ጫፍ ላይ ቆመች።

እማዬ «ኧረ ተው፣ ልጁ የለፋበትን!» ብላ አንስታ መለሰቻት። ግድግዳውንም ጠቅ አደረገችው። አባዬ እንደገና ገፋ። ግድግዳው እንደገና ተላቀቀ። አሁን ግን ቀና ብሎ እኔን አየኝና አንድ ቃል አለ።

«ቦይ።»

ነሐሴ 1999 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ተዘግቷል፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አባዬ «እስኪ አገር ይይ» ብሎ ጋቢና አስቀምጦኛል። ሬዲዮው ስለ ሚሊኒየሙ ያወራል፤ አገሩ ሁሉ መስከረም አንድን ይጠብቃል። ከጪራ ጀንፈል ጭነን ወደ አጋሮ እየወረድን ነው። በክረምት ቡና ከየት መጣ የሚል ካለ፦ ቀይ ቡና የሚለቀመው ከመስከረም በኋላ ነው፣ ገበሬው ግን የደረቀውን ጀንፈል ጎተራ አስቀምጦ የዘመን መለወጫና የትምህርት ወጪ ሲደርስ ይሸጣል። ለዚህ ነው ጭቃው በሚብስበት ሰዓት መኪና ጫካ የሚገባው። መንገዱ ያኔ አፈር ነው፣ ቀይ አፈር።

አንድ ቁልቁለት ላይ ተቆለፍን። ከፊታችን ማዳበሪያ አራግፎ የሚመለስ መኪና ተይዟል፣ ከታች ቢራ የጫነ እየወጣ ሳለ ተቀርቅሯል፣ ከኋላችን ሌሎች ደርሰው ቆመዋል። ማንም መንቀሳቀስ አይችልም። መሸ። አባዬና ረዳቱ ጎማ ሥር ቅጠልና ድንጋይ ሲያስገቡ እኔ ሸራ ለብሼ ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ የሴት ድምፅ ነው። ከኋላችን አንዲት ፒካፕ ቆማለች፣ ላይዋ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ ሰዎቹ በቃሬዛ ከገጠር አምጥተው ነው የጫኗት። ፋኖስ የያዘ አንድ ሽማግሌ ከሾፌር ወደ ሾፌር እየሄደ ይለምናል። ለፒካፗ የሚበቃ መንገድ የሚከፈተው አንድ መኪና ቦታ ከለቀቀ ነው፣ ቦታ የሚለቀቀው ደግሞ ወደ ቦይ በመግባት ብቻ ነው። ወደኋላ የሚባል ነገር የለም፤ የጫነ መኪና በጭቃ ዳገት ወደኋላ አይወጣም። የማዳበሪያው ሾፌር «መኪናው የእኔ አይደለም» አለ። የቢራው ሾፌር «ጠርሙስ ነው የጫንኩት» አለ። የአባዬም መኪና የእሱ አልነበረም።

ምንም ሲናገር አልሰማሁም። እኔን አውርዶ ለረዳቱ ሰጠኝ። ሞተር አስነሳ። ረዳቱ «ሱታ! ሱታ!» እያለ ባትሪ ያበራል። አይሱዙዋ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደምትንበረከክ በሬ፣ ቦዩ ውስጥ ገባችና ወደ ጎን ተጋደመች። ፒካፗ አለፈች። መብራቷ ታጥፎ እስኪጠፋ አየኋት። ሴትየዋ ደርሳ ትውለድ አትውለድ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ጀንፈሉ ግማሹ ውሃ ገባበት። መኪናዋን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀ። የመኪናዋ ባለቤት ኪሳራውን ከአባዬ ደመወዝ ቆረጠ፣ ቀጥሎ አሰናበተው፤ ሰባት ወር ሥራ አልነበረውም። ወንድሜ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ አሥረኛ ክፍል ሊገባ። አልገባም። አጋሮ ሄዶ ቡና መፈልፈያ ቤት ኬሻ መሸከም ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ዲቪ ደረሰውና ሄደ። እኔ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኢንጂነሪንግ ስማር የላፕቶፔን ገንዘብ የላከው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልሰናበተው አዲስ አበባ ሄጄ፣ ቦሌ በር ላይ፣ «ስሟን እንኳ አያውቅም እኮ» አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከአባዬ ጋር ግን ስለዚያ ሌሊት አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። «አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ተጫወትበት» ሲለኝ የምትወጋኝ መርፌ እሷ ናት።

እንግዲህ አባዬ ጣቱን በርጩማው ጫፍ ላይ አድርጎ «ቦይ» ሲለኝ፣ እኔ ለልጁ ልልክ የነበረው ክረምት ውሸት መሆኑ ገባኝ። ሁሉም ነገር የሚመለስበት ክረምት። የተሳሳትከውን ወደኋላ ስበህ እንደ አዲስ የምትጀምርበት ጭቃ።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ከሁለት ጫፍ የሚፈልገው ዘዴ አሁን እንዳለ አይሠራም፤ መመለሻ የሌለው መንገድ ሲኖር የወደፊቱን ሕግ እንዳለ ይዞ ከመድረሻው ወደኋላ መሄድ ሐሰት ነው። ጣልኩት፣ ከመነሻ ብቻ የሚሄደውን ቀርፋፋውን ጻፍኩ። ሕጉን እንዲህ አደረግሁት፦ ግድግዳው በሦስት ቦታ ክፍት ነው፣ ከሦስቱም ውጭ ቦይ አለ። ሦስት መኪኖች ቦይ መግባት ይችላሉ፣ ግን መግባት የሚፈቀደው አንዱ ብቻ ነው፣ የገባም አይወጣም። ማንም ካልገባ ደግሞ ቀይዋ ፈጽሞ መውጣት የለባትም፤ ይኼን ማረጋገጥ የግድ ነበር፣ አለዚያ ቦዩ ጌጥ ነው። ፕሮግራሙ ሌሊቱን ሙሉ አቀማመጥ ሲጥል አደረ። ብዙዎቹ የማይረቡ ናቸው፦ ወይ ሦስቱም መልስ ይሆናሉ ወይ አንዱም። በስተመጨረሻ ከሦስቱ አንዱ ብቻ መንገድ የሚከፍትበት አገኘሁ። ሁለቱ ቀላል ናቸው፣ በአራት በአምስት እርምጃ ቦይ ይገባሉ፣ እጅ ይጋብዛሉ። ትክክለኛውን ለማድረስ ግን መጀመሪያ ቀይዋን ከመውጫዋ ማራቅ ያስፈልጋል።

ቦዩን መሥራት ነው ያስቸገረኝ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወለሉ በአንድ ስስ፣ በ3.2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። አይሱዙዋ ጠርዙን ስታልፍ ትወድቃለች፣ ጠርዙ ራሱ መመለሻዋን ይዘጋል፤ ምንም መቆለፊያ አያስፈልግም። ግን የመጀመሪያው ቦይ ልክ በመኪናዋ ርዝመት ስለነበረ አፍንጫዋ ወርዶ ጭራዋ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ግማሽ ቦይ ውስጥ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፤ ይኼ ከሁሉ የከፋው ነው። በአንድ ጉብታ አስረዘምኩት። አሁን «ጠቅ» ብላ ትወድቃለች።

አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል። እኔ ወለሉን ስሰካ ሰሌዳው ስለሚንሸራተት አንድ ጊዜ ሳላስበው «ያዝልኝ» አልኩት። ያዘ። በቀኙ ነው የያዘው፣ ጣቶቹ ተጨብጠው፣ በጡጫው ጀርባ ተደግፎ። ከዚያ በኋላ በየማታው «ያዝልኝ» እለዋለሁ። ኳሷ አሁንም መስኮቱ ላይ ናት።

የአባዬ የድሮ ረዳት፣ አሁን ባጃጅ ያለው፣ ቅዳሜ ሊጠይቀው መጣ። ሰሌዳውን አይቶ ሳቀ፤ ስነግረው ግን ዝም አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መኪኖቹን ቆጠረ። «ጋሼ፣ ቢራው እዚህ ጋ ነበር እንዴ? እኔ እኮ ከታች ይመስለኛል፣ እርስዎ ሲወርዱ ፍሬቻው በግራ በኩል ታየኝ።» አባዬ በጣቱ ወደ ታች አሳየው። «አዎ፣ ልክ ነዎት፣ ከታች» አለ። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ በጣትና በነጠላ ቃል ያንን ቁልቁለት ደገሙት። እኔ ቡና ሳቀርብ እንኳ ቀና አላሉም። የቢራውን መኪና ቦታ ላስተካክል ስል የፕሮግራሜ መልስ ይበላሻል፤ ትቼዋለሁ። ሌሊቱን አልኮረጅኩም፣ ሕጉን ነው የወሰድኩት።

እማዬ መላኩን አልወደደችውም። «ልጁ ይጫወትበት ብለህ ያባትየውን ቁስል ትነካካለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አቆየሁት። መስከረም ላይ ሚኒሶታ የሚሄድ ሰው ተገኘ። ሰሌዳውን በካልሲ ጠቅልዬ ከበርበሬና ከሽሮው መሐል አስገባሁት። ሕጉን በወረቀት ጻፍኩ፣ ስለዚያ ሌሊት ግን ምንም አልጻፍኩም። ርዕሱን ብቻ፦ ክረምት።

እሑድ ደወሉ። ልጁ ሰሌዳውን ምግብ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ስልኩን አስደግፎታል። አባዬ አጠገቤ ነው፣ እማዬ ከኋላችን ቆማለች። ወንድሜ ከልጁ ጀርባ ማጠቢያው ጋ ዕቃ ያጥባል፣ ጀርባውን ሰጥቶናል።

«በረዶው ያምራል» አለ ልጁ፣ ነጩን ግድግዳ እየነካ።

«ጉም ነው» አልኩት።

ጀመረ። እንደጠረጠርኩት በአራተኛው እርምጃ ቀላሉን አይሱዙ ቦይ ከተተው። ጠቅ። ቀይዋን ሞከረ፣ አልወጣችም። መልሶ ሊስበው ጣቱን ሰደደ፤ አልተመለሰም።

«ተበላሽቷል፣ አይመለስም!»

«አልተበላሸም፣ እንደዚያ ነው። እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ» አለ፣ ይህቺን እማዬ አስተምራዋለች።

«አገር ስጠኝ።»

«ሚኒሶታን ውሰድ።»

«ሚኒሶታ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ብርድ ብርድ ብቻ…» እያልኩ ስቀልድበት እሱ ቀድሞኝ መኪኖቹን አንስቶ መልሶ ደርድሯቸዋል። ሁለተኛውንም ተሳሳተ። ሦስተኛውን ሲጀምር ዝም አለ፤ ከንፈሩን ነከሰ፣ ቀይዋን ከመውጫዋ ወደኋላ አራቃት። የውሃው ድምፅ ቆሟል። ወንድሜ እጁን በፎጣ እየጠረገ ከልጁ ኋላ መጥቶ ቆሟል። ሰሌዳውን ያያል። ቡናማዋ አይሱዙ ጫፉ ላይ ደረሰች፣ ወደቀች፣ ጠቅ አለች። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉና ቀይዋ ወጣች።

ልጁ ጮኸ። እማዬ እልል አለች። ወንድሜ ከሰሌዳው ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

«አጎቴ፣ ግን ይህቺኛዋስ?» አለ ልጁ ቦይ ውስጥ ያለችውን እየነካ። «እሷን ማን ያወጣታል?»

እኔ መልስ ስፈልግ አባዬ ግራ እጁን አነሳና ሦስት ጣት አሳየ። ልጁ አልገባውም። «ሦስት ምን?»

«ሦስት ቀን» አለ ወንድሜ፣ ቀስ ብሎ።

አባዬ ሁለቱን ጣቶች አጠፈ። የቀረችውን አንዷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ፣ ከልጁ ራስ በላይ፤ ነሐሴ 1999 ላይ ከጅማ አካፋ ተሸክሞ መጥቶ ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ ቆሞ ወደቆፈረው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ።

«እሱ» አለ።